ዙፋኑንም ቤተ መንግሥቱንም የሠራ አናጢ

የአንድ ባለ ሙያ ሥራ ሲመዘን ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው፥ ሥራው ለታሰበለት ነገር ይስማማ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው፥ ሠሪው ካለፈ በኋላ ሙያው ለሌላ እጅ ይተርፍ እንደ ሆነ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ያገለገለው ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ በመጀመሪያው የሚመሰገን፥ በሁለተኛው ግን የሚያሳስብ ሰው ነው።

ናሬቲ የፒየሞንቴ ተወላጅ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ አንድ ቦታ የረጋ አልነበረም፤ ደብረ ታቦርና አጠገቧ ያለችው ሰመራ ግን ከዋነኞቹ መቀመጫዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ጎርዶን በ1879 ከግብፅ ተልኮ ንጉሡን ያገኛቸው በደብረ ታቦር ነው። ናሬቲም ከቤተ መንግሥቱ ጋር እየተከተለ እንጨቱን ሲጠርብ፥ ከአውሮፓ ለሚመጡትም እንግዶች አገናኝ ሲሆን ኖረ።

አገሪቱ ከእርሱ በፊትም ባለ እጅ ታውቅ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለ ሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1867 አፍስሰዋል። ናሬቲ ያገባትም ሴት የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ነበረች፤ ይኸውም ደጃዝማች ውቤን፥ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለው፥ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ሥራ እጁ ያለበት ጀርመናዊ ነው።

የናሬቲ ዋና ሥራ በመቀሌ ይገኛል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከዊልያም ሺምፐር ጋር ያሠራው ቤተ መንግሥት ድንጋዩ የአገሩ ነው፤ ጫፉ እንደ ጥርስ የተከፈለው ግንብም ጎንደርን ያስታውሳል። ሠሪው የጣሊያንን ቤት ነቅሎ አልተከለም፤ ንጉሡ የማንን ወንበር እንደ ወረሱ ለተመልካች የሚናገር ቤት ሠራ እንጂ። ለንጉሡ ከእንጨት የቀረጸው ዙፋንም ከዚሁ አሳብ አይለይም። ግንቡን ያሰበ እጅ ወንበሩን ስለ ቀረጸ፥ ሁለቱ ባዕድ አይሆኑም።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሞሪስ ቤትና የቤት ዕቃ ከአንድ አሳብ መውጣት አለበት እያለ ያስተምር ነበር። ወዳጁ ፊልጶስ ዌብ በ1859 ቤት ሲነድፍለት፥ ለቤቱ የሚስማማ ዕቃ ከገበያ ስላጣ ከወዳጆቹ ጋር ራሱ አሠራው። ሞሪስን ወደዚህ የመራው ፋብሪካ የሚያወጣው ዕቃ መክፋቱ ነው፤ ናሬቲን ግን ፋብሪካ አለመኖሩ ነው። ዕቃ ሻጭ በሌለበት አገር፥ ቤት የሠራ ሰው ወንበሩንም ይሠራል።

ስለዚህ ምስጋናው ከዚህ ላይ ያበቃል። ዙፋን አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ነው፤ ከእርሱ የተማረ ወንበር በገበሬው ቤት አልገባም። የጋፋትም ጥበብ መድፍ ሆኖ መቅደላ ላይ ቀረ። ለዚህ ግን ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። የአገሩ ሰው ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን ጠይብ፥ ቡዳ እያለ ይሰድብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በሚሰደቡበት ሙያ ልጁን የሚያስገባ አባት ጥቂት ነው።

ናሬቲ ዕለታዊ ማስታወሻ ስለ ጻፈ፥ ማስታወሻውም በጣሊያንኛ ስለ ታተመ ስሙ ተረፈ። ድንጋዩን የጠረቡ፥ ጭቃውን ያቦኩ፥ እንጨቱን ተሸክመው ዳገቱን የወጡ የአገር ልጆች ግን ግንብ ላይም መጽሐፍ ላይም ስማቸው አይነበብም። ኦሪት ዘጸአት ግን ድንኳኑንና ዕቃውን ሁሉ የሠሩትን ባስልኤልንና ኤልያብን ከነአባታቸው ስምና ከነነገዳቸው ጽፋ አቆይታለች። ይህን በየጊዜው የሚያነብ ሕዝብ የራሱን አናጢ ስም ሳይጽፍ መቅረቱ ትልቅ ጕድለት ነው። በየደብሩ በር የሚቀርጽ፥ መንበር የሚያበጅ ሽማግሌ ዛሬም አለ፤ ሥራው ሲመረቅ ገንዘብ የሰጠው ሰው ስም በሚጻፍበት መዝገብ፥ የእርሱም ስም ከጎኑ ሊጻፍለት ይገባል።