አምፔር ከመጨመር በፊት

የፌሮ መረብ ሲበየድ ዓይን የሚይዘው ፍንጣሪው ነው። ለዓመታት የጠንካራ ብየዳ ምልክት ይመስለኝ ነበር። ፍንጣሪው ግን ሁለቱን ሽቦዎች ሊያዋህድ ሲገባው አየር ላይ የቀረ ብረት ነው።

አንድ ጊዜ ለወለል ኮንክሪት የሠራነው ባለ 6 ሚሊ ሜትር መረብ ከአይሱዙ ሲወርድ መገናኛዎቹ ተላቀቁ። ተመልሶ ሲመጣልኝ እጄ በቀጥታ የሄደው ወደ አምፔሩ ነበር። አዲሱ መረብ አልተላቀቀም። መገናኛውን መሃል አድርገን ስንጎትተው ግን ሽቦው እዚያው ላይ ተበጠሰ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ሰምጦ ውፍረቱን በልቶታል። ደግሞም ይህ ሽቦ ጥንካሬውን ያገኘው ሳይሞቅ ተስቦ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይለዝባል።

ጥፋቱ ሽቦዎቹን በሚጫነው የማሽኑ የመዳብ ኤሌክትሮድ ላይ ነበር። ከሥራ ብዛት ተቦርቡሮ አጥብቆ አይጫናቸውም ነበር። ግፊት ሲያንስ መነካኪያው ላይ ያለው ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ብረቱም ይፈነጠራል። ግፊት ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሬዚስታንሱ ይወርድና ብየዳው በቂ ሙቀት አያገኝም። አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ይህኛው አይዋጥላቸውም፤ «አጥብቀን እየተጫንነው እንዴት ይላላል?» ይሉኛል።

አሁን ጠዋት መዳቡን በሞረድ አስተካክዬ ሁለት ቁርጥራጭ እበይዳለሁ፤ ሞርሳ ላይ አስሬም በመዶሻ አላቅቃቸዋለሁ። የተላቀቀው ገጽ ለስላሳ ከሆነ ተጣብቆ ነበር እንጂ አልተዋሃደም። አንዱ ሽቦ ከሌላው ላይ ብረት ቦጭቆ ሲወጣ ደስ ይለኛል። መዶሻ ግን መለኪያ አይሆንም። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤ1064 መገናኛው በወፍራሙ ሽቦ የቁርጥ ስፋት ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 241 ኒውተን እንዲችል ይጠይቃል። ለባለ 6 ሽቦ ሲሰላ 700 ኪሎ ግራም ገደማ እንደማንጠልጠል ነው።

የሚያስቸግረኝ ምሽቱ ነው። 12 ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይጥዳል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ሙቀቱ የሚከተለው የአምፔሩን ካሬ ስለሆነ፣ አምፔሩ በ10 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ጠዋት የጸደቀው ልክ ማታ ቀዝቃዛ ብየዳ ያወጣል። ያን ጊዜ ማሽኑን አስቆምና የብየዳውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳይክል እጨምራለሁ፤ አንዱ ሳይክል የሰከንድ 50ኛ እጅ ነው። ከዚያም ሌላ ሁለት ቁርጥራጭ ይዤ ወደ ሞርሳው እመለሳለሁ።