ቀለሙን ትተው ሆዱን ይዩ
የጨው ውሃ አኳሪየም ካለው ሰው ቤት ሲገቡ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው በመብራቱና በኮራሉ ላይ ነው። ሁለቱም በገንዘብ ይገዛሉ። የባለቤቱን ሙያ ለመመዘን ከፈለጉ ማንዳሪን ዓሣ እንዳለው ይጠይቁ። ካለው ደግሞ ሆዱን አጥብቀው ይዩ።

ቀለሙ እንደሚያዘናጋ አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ከ8 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ይህ ዓሣ በደማቅ ሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካናማ መስመሮች ይጠማዘዙበታል። በአብዛኞቹ እንስሳት ላይ የምናየው ሰማያዊ መልክ፣ ብርሃን በጥቃቅን ንብርብሮች ላይ ሲነጥር የሚፈጠር ነው። ማንዳሪን ግን በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ እውነተኛ ሰማያዊ ቀለም እንዳለው ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይተዋል። እጅግ ድንቅ ነገር ነው፤ ለዳኝነት ግን አይጠቅምም። ዓሣው እየተራበም እንደደመቀ ሊቆይ ይችላል።

ከላይ ሲያዩት ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው ገላው ሞላ ብሎ ወደ ጅራቱ ቀስ በቀስ መጥበብ አለበት። ከጎን ሲያዩት ሆዱ ክብ ይሁን። ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ቁመቱን የተከተለ ሸንተረር ከወጣ፣ ጭንቅላቱም ከገላው ገዝፎ ከታየ፣ ያ ዓሣ ሰንብቶ ተርቧል።

ይህ ረሃብ የሚመጣው ባለቤቱ ምግብ ስለነፈገው አይደለም። ማንዳሪን በትውልድ ቦታው በምዕራብ ፓስፊክ፣ ከደቡብ ጃፓን ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ፣ ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ በኮራል ፍርስራሽ መካከል እየዞረ ይለቅማል። የሚለቅመው በአብዛኛው ኮፔፖድ የሚባሉትን፣ ከሽሪምፕ ወገን የሆኑ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ፍጥረታት ነው። አፉ ትንሽ፣ አበላሉም ዝግተኛ ነው። ሌሎቹ ዓሦች የተበተነውን ምግብ ጠርገው ሲጨርሱ እሱ ገና አንዷን ፍርፋሪ ይመረምራል። ከባሕር ከተያዙት ብዙዎቹ እንክብል ቢቀርብላቸው ምግብ መሆኑንም አይለዩም።

ስለዚህ ጥሩ ሥራ የሚጀመረው ዓሣው ከመገዛቱ ከወራት በፊት ነው። በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ ምንም አሞኒያና ናይትራይት አለመኖር፤ ይህ ለማንኛውም የሪፍ ዓሣ የሚጠየቅ የመግቢያ ፈተና ነው። ለማንዳሪን የሚያስፈልገው ከዚያ በላይ ነው። ባለሙያው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይደረድራል፤ ኮፔፖድ ይጨምርና እስኪራባ ይታገሣል። ብዙ ጎበዞች ከዋናው ገንዳ ጋር ውሃ የሚጋራ፣ አልጌ የሚበቅልበት፣ ዓሣ ግን የማይደርስበት ትንሽ ክፍል ያዘጋጃሉ። ኮፔፖዱ እዚያ ያለ ሥጋት ይራባል፤ ፓምፑም የተረፈውን ወደ ዋናው ገንዳ ይልከዋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ መስታወቱን በባትሪ አብርተው ይዩት። ነጫጭ ነጥቦች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ካዩ ጎተራው ሙሉ ነው። ከማንኛውም የመለኪያ ንባብ አስበልጬ የማምነው ይህንን ነው።

በአንጻሩ ድንጋዩ ተፍቆ፣ አሸዋው ተበጥሮ እንደ አዲስ የሚያበራ ገንዳ ያሳስበኛል። እንግዳን ያስደስታል፤ ማንዳሪን የሚለቅመው ነገር ግን የሚኖረው ጥቂት አልጌና ዝቃጭ ባለበት ነው። ያንኑ ምግብ የሚሻሙ ትናንሽ ዓሦች በብዛት ካሉም ነጥብ እቀንሳለሁ። ሁለት ወንዶች በአንድ ትንሽ ገንዳ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ የማልቀበለው ነው፤ ይጣላሉ። ወንዱ በፊተኛው የጀርባ ክንፉ ረጅም እሾህ ይለያል።

ዓሣው ከየት እንደመጣም የሥራው አካል ነው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጌጥ ዓሦችን በሲያናይድ አደንዝዞ መያዝ ኮራሉን ሲገድል ኖሯል። ዛሬ በሰው እጅ የተፈለፈለ ማንዳሪን ይገኛል፤ ከልጅነቱ የተዘጋጀ ምግብ ስለሚለምድ የመኖር ዕድሉም የተሻለ ነው። ዋጋው ቢወደድም እሱን የመረጠ ሰው ክብር ይገባዋል። በሱቅ ውስጥ ሲገዙም ሻጩን ሳያፍሩ «ሲበላ አሳየኝ» ይበሉት።

የሙያው ጫፍ የሚታየው አመሻሽ ላይ ነው። ማንዳሪን የሚራባው ሲመሽ ነው፤ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ተጣብቀው ከወለሉ ወደ ላይ ይወጡና እንቁላሉን በውሃው ውስጥ ይለቃሉ። መብራቱ በአንድ ጊዜ ድርግም የሚልበት ገንዳ ምሽት የለውም፤ አስተዋይ ባለቤት ብርሃኑ ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ያደርጋል፣ ጥንዱ የሚወጣበትም ጥልቀት ይተዋል። ሴቷ እንቁላል ለመሥራት ነፍሷን ከሚያቆየው በላይ መብላት አለባት። ደጋግሞ እንቁላል የሚጥል ጥንድ ካየሁ ስለ ምግቡ ምንም አልጠይቅም።