የተሸጠ ዕቃ የማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት አንድ መዝገበ ቃላት ዛሬም ከሣጥኔ ውስጥ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ገጾቹም ወይበዋል። ይሁን እንጂ ያሳተመው ኩባንያ ይኑር ይጥፋ ሳልጠይቅ በፈለግሁ ጊዜ እገልጠዋለሁ። መግዛት ማለት ይህ ነው። ዛሬ የምመረምረው ሥራ ግን ለገዢዎቹ እንዲህ አልሆነላቸውም።

«ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና እሽቅድምድም የቪዲዮ ጨዋታ በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ ባለው በአይቮሪ ታወር ተዘጋጅቶ፣ በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ዩቢሶፍት በተባለው ኩባንያ ለገበያ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለሥራው የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። ታሪኩ፣ ይኸውም ወንድሙ የተገደለበት ሰው የበቀል ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ የተሰማ ነው፤ መንገዱ ግን ድንቅ ነበር። የአሜሪካ ምድር በትንሹ ተቀርጾ፣ ተጫዋቹ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ተራራውንና በረሓውን እያለፈ እስከ ሎስ አንጀለስ ይነዳ ነበር። ለጉዞ አቅም ለሌለው ወጣት ይህ ትንሽ ደስታ አይደለም።

ነገር ግን ሥራው ሲጀመር ጀምሮ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ ጨዋታው አይሠራለትም። ኩባንያውም ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ዲስኩን ከሱቅ የገዛው ሰው ዲስኩ በእጁ አለ፤ ጨዋታው ግን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ አይደለምን?

ኩባንያው ሰርቨሩን ለዘላለም ይጠብቅ ብንል ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። የጠየቀውም የለም። በ2024 ሮስ ስኮት የተባለ ሰው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» በሚል ስም የጀመረው እንቅስቃሴ የሚለምነው፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ ጨዋታው መሥራት እንዲችል ተደርጎ ለገዢው እንዲተውለት ነው። ይህንኑ ለአውሮጳ ኅብረት የሚያመለክተውን ጽሑፍ እስከ ጁላይ 2025 ድረስ ከ1,000,000 የሚበልጡ ሰዎች ፈርመውበታል። የአምራቾቹ ማኅበር ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ በበኩሉ፣ ተጫዋቾች በግላቸው ሰርቨር ቢያቆሙ የሰውን ምስጢር የሚጠብቅና ሕገ ወጥ ነገርን የሚያስወግድ አይኖርም ሲል ተቃወመ። ይህ ክርክር ብዙ ሰው አብሮ ለሚጫወተው ጨዋታ ክብደት አለው። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ግን ምን ይመለከተዋል? ደግሞም ያው ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ 2» ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ በ2025 አድርጎታል። እንግዲያስ የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ አስቀድሞ ለገዢው ማሰብ ነበር።

ሽያጭ ሌላ ነው፤ ኪራይ ሌላ ነው። ቤት የሚከራይ ሰው የሚወጣበት ቀን እንዳለ ዐውቆ ይገባል። የሚያከራይ ሰው «ሸጥሁልህ» ቢል ግን ቃሉ ሐሰት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነገር የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ሻጩ ይህን በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዙ» እንዳይል ይከለክላል። መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም ቃሉን አቀና እንጂ ዕቃውን አላዳነም።

ልጆቼ፤ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት «ኢንተርኔት ባይኖር ይሠራልን? ሻጩ ቢተወው ምን ይቀርልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተም መካከል ነገ ፕሮግራም ጽፋችሁ የምትሸጡ አትጠፉም። ያን ጊዜ የሸጣችሁት ሥራ እናንተ ስትተዉት በገዛው ሰው እጅ መሥራቱን እንዲቀጥል አድርጋችሁ ሥሩት። ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነም ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት።