የዋግ ትውልድ ቆጠራና የርስት ጽሑፍ

ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ መኳንንት የተጻፉትን የትውልድ ቆጠራዎች ስንመረምር አንድ ነገር ይከነክነናል፤ አባት በአባት ላይ ይደረደራል፤ እናት ግን አትጠራም። የዋግሹምነት ሹመት በአባት ወገን ሲወርድ ስለ ኖረ አያስደንቅም። የጦር መዝገብም ማዕርግንና የፈረስ ስምን እንጂ ወላጅን ለመንገር አልተጻፈም። ርስት ግን በአባትም በእናትም የሚወረስ ስለ ሆነ፤ ባለ ርስቱ በሙግት ጊዜ አያቱንም ቅድመ አያቱንም በሁለቱ ወገን ቆጥሮ ማስረዳት ግድ ነበረበት።

ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ እንኳ (ስማቸው ስለ ተለወጠ ለጀማሪ መርማሪ ሁለት ሰው ይመስሉታል) በአባታቸው በዋግሹም ገብረ መድኅን በኩል የዛጔ ወገን መሆናቸው አልበቃቸውም፤ በእናታቸው በወይዘሮ አይቸሽ ተድላ ከጎንደር ነገሥታት መወለዳቸውንም አስቆጥረዋል። ቆጠራ ጸሐፊዎቻችን ግን በየደብሩ ወንጌል ኅዳግ የሰፈረውን የርስት ቃል ሳይገልጡ፤ የሹማምንቱን ዝርዝር ብቻ ይገለብጣሉ።