ቁልቁል የሚያብብ

በሰፈሬ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ደንበኛው የሚመጣላቸው ለጽጌረዳ ነው። እኔን የሚያቆመኝ ግን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ በሽቦ የተሰቀለው የዘይት ጀሪካን ረድፍ ነው፤ ባለ 5 ሊትሩ፣ ወገቡ ላይ የተቆረጠው። ጀሪካን መሆኑን ለማወቅ ግን ቅጠሉን በእጅ መግለጥ ያስፈልጋል። ከአፉ የወረደው ጄራኒየም ዙሪያውን አልብሶት፣ ሮዝ አበባው ክንድ ያህል ቁልቁል ተንዠርግጓል።

ይህ ጄራኒየም በየግቢው የምናውቀው፣ ቅጠሉ ፀጉራም የሆነውና ቀጥ ብሎ የሚቆመው አይደለም። የሁለቱም አገር ደቡብ አፍሪካ ቢሆንም የዚህኛው ቅጠል ለስላሳና ወፈር ያለ ነው፤ በሁለት ጣት ሲይዙት ውሃ መቋጠሩ ይታወቃል። የተሰቀለ ዕቃ ከታችም ከጎንም ነፋስ ስለሚያገኘው መሬት ላይ ካለው ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ለመስቀያ የሚመርጡት አስቀድሞ ጥማት የለመደውን ነው። ለጥላማ በረንዳ የሚሆን ሲጠየቁ ፉክሲያ ያነሳሉ፤ ፀሐይ የሚመታው ደጃፍ ላለው ሰው ግን ገንዘቡን ቢቆጥርላቸውም አይሸጡለትም። ይህን ጥንቃቄያቸውን ከአበባው እኩል እወደዋለሁ።

ጥቅምት ላይ ሲተክሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። የበሰበሰ ፍግና የጫካ አፈር ቀላቅለው፣ ብሎኬት የሚሠሩበትን ፑሚስ በላዩ ጨመሩ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ስለሆነ ሽቦው ላይ ክብደት አይጨምርም፤ አፈሩም ተጠቅጥቆ ሥሩን አያፍነውም። የተቀነጠሱት ቁራጮች ጠዋት ከአንጓቸው ሥር ተቆርጠው፣ ቁስላቸው እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አርፈው ነበር። አራቱን በጀሪካኑ ከንፈር ዙሪያ ወደ ውጭ አዘንብለው ተከሏቸው፣ መሃሉን ባዶ ተዉት። እኔ ብሆን መሃሉንም እሞላው ነበር።

ቁራጮቹ ሥር ይዘው አዲስ ቅጠል ካወጡ በኋላ ስመለስ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሲቀጥፉ አገኘኋቸው። ያ ሁሉ ለምለም እንቡጥ መሬት ሲወድቅ አንጀቴ አልቻለም።

«ተዪ ልጄ፣ ካልቀጠፍሽው አንድ ጅራት ብቻ ነው የሚያወጣልሽ» አሉኝ።

ነገሩ እንዳሉት ነው። ጫፍ ላይ ያለው ቡቃያ ቁልቁል የሚልከው ሆርሞን በየአንጓው ያሉትን ቡቃያዎች አስተኝቶ ይይዛቸዋል፤ እሱ ሲነሳ እነሱ ይነቃሉ። ከሳምንታት በኋላ አንዱ ግንድ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ። በየጠዋቱ ደግሞ ጀሪካኑን ሩብ ዙር ያዞሩታል፤ ፀሐይ በአንድ ጎን ብቻ እንዳትስበው።

ሴትዮዋ ለሚሸጡት ቡገንቪላ ደግሞ ጥበቡ ሌላ ነው። ቀለሙ አበባ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት የመሰሉ ሦስት ቅጠሎች ናቸው። አበባዎቹ በመሃላቸው የቆሙት፣ ጫፋቸው ነጣ ያለው ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ለግንብ እንጂ ለዕቃ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሥሩ ሲጠብበትና ውሃ ሲቀንስበት እንዲያውም ይብስ ያብባል፤ አብዝተው ያጠጡት ቅጠል ብቻ ያበዛል። ግንብም ላይ ቢሆን በራሱ አይጣበቅም፤ በእሾሁ እየተደገፈ ይንጠላጠላል እንጂ። ስለዚህ አግድም ሽቦ ተወጥሮለት ላላ ተደርጎ መታሰር አለበት። ሥሩ ስስ መሆኑን የሚያውቁት እኚህ እናት ችግኙን ከጥቁሩ ላስቲክ ጎትተው አያወጡም። ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው፣ አፈሩ ሳይፈርስ በቀስታ ያንሸራትቱታል።

አንድ ዓመት ከሌላ ቦታ አበባው ትልልቅ የሆነ ፔቱኒያ ለክረምት ይሆናል ተብዬ ገዝቼ ነበር። የሐምሌ ዝናብ እርጥብ ወረቀት አድርጎ ግንዱ ላይ ለጠፈው። ለዝናብስ አበባው ትንንሽ የሆነው ካሊብራኮዋ ይሻላል።

አውሮፓ ውስጥ በፀደይ በየመስኮቱ ከሚንጠለጠለው ጄራኒየምም ከፊሉ የተቀነጠሰው እዚሁ አገር ነው። ቆቃ አካባቢ ባሉ እርሻዎች ሠራተኞች ካቲንግ የሚሉትን ጫፍ አንድ በአንድ በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን ተጭኖ ይሄዳል። እዚያ በረንዳ ላይ የሚታየው ፏፏቴ የጀመረው በአንዲት ለቃሚ ጣት ነው።

ባለፈው ሳምንት ስደርስ አንዱ ጀሪካን ተረስቶ ደርቆ ነበር። አፈሩ ተኮማትሮ ከጠርዙ ስለተላቀቀ፣ ከላይ የፈሰሰበት ውሃ በጎን ወርዶ አለቀ። ሴትዮዋ አውርደው በባልዲ ውሃ ውስጥ ነከሩት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ሌላ ደንበኛ ቢጠራቸውም አልተነሡም፤ የመጨረሻው አረፋ እስኪወጣ ድረስ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጭነው ያዙት።