የምእመኑ ጠባይ፣ የእምነቱ ስም፤ ከ«ጦቢያ» እስከ «ፍቅር እስከ መቃብር»

ስለ ልብ ወለዶቻችን ሲወራ አንድ ክስ ደጋግሞ ይነሣል። ደራሲዎቻችን ካህኑን ሆዳም፣ ደብተራውን መተተኛ፣ መነኩሴውን አስመሳይ አድርገው መሣል ስለሚወዱ የክርስትናን ስም አጉድፈዋል የሚል ነው። ክሱን የሚያቀርቡት ሁሉ ያልገባቸው ሰዎች አይደሉም። ከመካከላቸው ብዙ ያነበቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ለፊደላችን፣ ለቅኔያችንና ለዜማችን የዋለችውን ውለታ ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ። ስለዚህ ክሱ በፌዝ የሚታለፍ ሳይሆን መልስ የሚገባው ነው። እኔም ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የአንድን እምነት ስም የሚያነሣውም የሚጥለውም ማን ነው? ጸሐፊው ነው ወይስ አማኙ?

የመጀመሪያው መጽሐፍ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ላይ ታተመ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ግን ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለዳችን ስለ ክርስቲያኖች ጠባይ የተጻፈ መሆኑን ነው። ታሪኩ በሽንፈት ይጀምራል። የክርስቲያኑ ጦር በአረመኔው ጦር ይሸነፋል፤ የጦሩ አዛዥ ይማረካል። ራሱን የሚዋጅበት ገንዘብ አጥቶ ሲጨነቅ አንድ ነጋዴ ከፍሎለት፣ ስሙን እንኳ ሳይነግር ይሄዳል። የአዛዡ ልጅ ዋሕድ ያንን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ይወጣና በባርነት እጅ ይወድቃል። እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እሱን ፍለጋ ትሰደዳለች። በመጨረሻ ክርስቲያን ያልሆነው ንጉሥ ታሪካቸውን ሰምቶ ይራራላቸዋል፤ ጦቢያን ያገባል፤ እሱም ሕዝቡም ክርስትናን ይቀበላሉ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ክርስትና በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በጦርነቱ ተሸንፏል። ያሸነፈው በኋላ ነው፤ ያውም በሰይፍ አይደለም። የነገሩ ሁሉ ምንጭ ውለታውን ሳይመነዝር የሄደው ነጋዴ፣ ውለታን ለመመለስ ሲል የተንከራተተው ወጣት፣ ወንድሟን ላለመተው ሥጋዋን ለመከራ የሰጠችው ልጃገረድ ናቸው። ንጉሡ ያየው መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው። አፈወርቅ እምነትን ያስከበረለት በክርክር ሳይሆን በጠባይ መሆኑ የዚህ ትንሽ መጽሐፍ ትልቅ ሐሳብ ይመስለኛል።

ጉድለቱም ከዚሁ ይነሣል። የንጉሡ ሃይማኖት መለወጥ ከጦቢያ ውበት ጋር ተጠላልፏል፤ ጠባዩ ምን ያህል፣ ቁንጅናዋ ምን ያህል እንደማረከው ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ሕዝቡማ ጭራሽ አልተጠየቀም። ንጉሡ አመነና አብሮ አመነ። ደራሲው የክርስቲያኑን ደግነት ለአንድ ሰው ብቻ አሳይቶ የሕዝቡን ልብ በትእዛዝ ዘጋው። ከዚህም በላይ ክርስቲያኖቹ ምስኪኖችና ተበዳዮች ናቸው እንጂ ሥልጣን በእጃቸው የለም። ሥልጣን የሌለው ሰው ደግ ቢሆን ብዙ አይገርምም። ሥልጣን ቢይዝስ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. ጥቂት መልስ ሰጥቶበታል። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ በተዝካር ድግስ ምክንያት ከዘመድና ከካህናት ጋር ሲጋጭ እናያለን። ኅሩይ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ሰው ነበሩና የጻፉት ከውስጥ ሆነው ነው። ሙሉው መልስ ግን በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ መጣ።

በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ክርስቲያን ያልሆነ ወገን የለም ማለት ይቻላል። የሚያስገብረው ፊታውራሪ መሸሻም፣ ግብሩ የበዛበት ባላገርም፣ ባላገሩን ለእምቢታ የሚያስተባብረው አበጀ በለውም አንድ ማተብ ያሰሩ ናቸው። የአፈወርቅ «እኛ» እና «እነሱ» እዚህ ፈርሷል። የሐዲስ ጥያቄ ማን ክርስቲያን ነው የሚል ሳይሆን፣ ክርስቲያኑ በእጁ ላለው ደካማ ምን አደረገለት የሚል ነው። ፊታውራሪው በዘሩ ይኮራል፤ ለልጁ የሚመጥን ባል አጥቶ ሰብለ ወንጌልን ቤት ያስቀምጣታል፤ ባላገሩን ያልተለመደ ግብር ይጠይቃል። የዚህ ሁሉ ጠበቃው ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱም የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል። ጉዱ ካሳ የሚጮኸው በዚህ ላይ ነው። ሰውየው የተማረ ነው፤ «ጉዱ» ያሉትና እንደ እብድ የቆጠሩት ሥርዓቱን ስለነቀፈ ነው።

ከካሳ ጩኸት ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የበዛብህ ስለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ክፉዎች አይደሉም። ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው፣ ቢያድግ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ግን አልተጠየቀም። አድጎ፣ ቅኔ ተምሮ፣ ሰብለን ሲወድ የወላጆቹ ስለት እንደ ሰንሰለት ይጎትተዋል። ሐዲስ እዚህ ላይ ከተራው ነቀፋ አልፈው ይሄዳሉ። የእምነትን ስም የሚያጎድፈው የሰከረው ቄስ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ደግ ሰውም፣ በፍቅርና በፍርሃት፣ ራሱ ያልተሸከመውን ቀንበር በሌላው ጫንቃ ላይ ሲጭን አምላኩን ጨካኝ ያስመስለዋል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ካሳ አንዳንዴ የደራሲው አፈ ጉባኤ ይሆናል፤ ንግግሩ ይረዝማል፤ ሰውየው ጠፍቶ ሐሳቡ ብቻ ይቀራል። ነገር ግን «ሃይማኖትን ሰደበ» የሚለው ክስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይወድቃል። የቄስ ልጅ የሆኑት ሐዲስ በሩን ጥርቅም አድርገው አልዘጉም። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነበር፤ ያን ጊዜ ልብሱ መሸሸጊያ ነው። እሱን ከቀበረች በኋላ ግን በእውነት ትመነኩሳለች። ጦቢያ የወንድ ልብሷን አውልቃ ንግሥት ሆነች፤ ሰብለ የተዋሰችውን ቆብ እውነተኛ አደረገችው። ልብሱ አንድ ነው፤ ያከበረው የለባሹ ሕይወት ነው።

ወደ ክሱ እንመለስ። «የቄሱን ጥፋት አይቶ ወንጌልን መናቅ የመምህሩን ስሕተት አይቶ ሒሳብን እንደመካድ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ያምራል፤ ግማሹም እውነት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ግፍ ስለሠራ ወንጌል ሐሰት አይሆንም። ግማሹ ግን አያስኬድም። ሒሳብ የተማረውን ሰው ሩኅሩኅ አደርገዋለሁ ብሎ አያውቅም። ክርስትና ግን ሰውን አዲስ አደርጋለሁ ይላል። ይህን ካለ ደግሞ በሰው ይመዘናል፤ ሚዛኑንም የሰጠን ራሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሌላውን እያስተማሩ ራሳቸውን የማያስተምሩ ሰዎች የአምላክን ስም በአሕዛብ ዘንድ እንደሚያሰድቡ ይወቅሳል። ስድቡን ከተሳዳቢው አፍ ይልቅ በአማኙ ሥራ ላይ ማሳበቡን ልብ ይሏል። ሐዲስም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

«እሺ፣ እውነት ነው፤ ግን ገበናችንን ለምን አደባባይ እናወጣለን?» የሚል ይኖራል። ገበናው የተሸፈነው ከማን ነው? ከባላገሩ አይደለም፤ እሱ በጎተራው ያውቀዋል። ከበዛብህም አይደለም። ዛሬም ቢሆን 55 ቀን ሁዳዴን ሳያጓድል በሚጾም ቤት ውስጥ የወር ደሞዟ የተበላባት የቤት ሠራተኛ የዚያን ቤት ክርስትና ለማወቅ ልብ ወለድ ማንበብ አያስፈልጋትም። ለታመመ ልጇ ፈውስ ይመጣል ተብላ በሰባኪው ፊት የመጨረሻ ብሯን ያስቀመጠች እናትም እንዲሁ። ዝም ብንል የሚታለለው ዝም ባዩ ብቻ ነው። የተበደለው ሰው ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቷል፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በእምነቱ ሁሉ ላይ።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የእምነት ጠላት የማይመስለኝ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ በጉዱ ካሳ ንግግር እየተብከነከነ አዳመጠ እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም። የተቆጣው ክርስትና ምን መሆን እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። መለኪያው በልቡ የሌለ ሰው በጉድለት አይቆጣም። ያ ቁጣ የጠፋ ዕለት፣ አንባቢው ግፈኛውን ክርስቲያን አይቶ «ምን ይጠበቃል?» ብሎ ገጹን የገለጠ ዕለት፣ ያን ጊዜ የእምነቱ ስም በእውነት ወድቋል። የጣለው ግን ደራሲው አይሆንም።