ኀፍረትና በደል፤ ስለ «አንባቢው» ልብ ወለድ

በርንሃርድ ሽሊንክ የተባለው ጀርመናዊ የሕግ ሊቅ በ1995 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው ልብ ወለድ በአገሩ ቋንቋ «ዴር ፎርሌዘር» ይባላል። ትርጓሜውም ለብቻው የሚያነብ ማለት ሳይሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አናጉንስጢስ እንደሚያደርገው፣ ለሚሰማ ሰው ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከስሙ ዠምሮ የሁለት ሰዎች ነገር ነው፤ አንዱ አፍ፣ ሁለተኛዋ ዦሮ ናት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሚካኤል በርግ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ የከተማ ባቡር ትኬት ቆራጭ ከሆነች ሐና ሽሚትዝ ከምትባል የ36 ዓመት ሴት ጋራ በስውር ይወዳጃል። እርስዋ ታዝዛለች፣ ትቈጣለች፤ እርሱ ያልበደለውን ይቅርታ ይለምናል። መጽሐፍም ያነብላታል። አንድ ቀን ግን ሳትሰናበተው ትጠፋለች። ከዓመታት በኋላ የሕግ ተማሪ ሆኖ በችሎት ሲቀመጥ ከተከሳሾች መካከል ያገኛታል። ሐና በጦርነቱ ጊዜ በአውሽቪትስ፣ ኋላም በክራካው አጠገብ በነበረ የእስረኞች ሰፈር የኤስ ኤስ ዘበኛ ነበረች። እስረኞቹ ሴቶች ወደ ምዕራብ ሲነዱ ያደሩበት ቤተ ክርስቲያን በቦምብ ሲቃጠል፣ እርስዋና ጓደኞችዋ የተቈለፈውን በር አልከፈቱም።

ስለ እሳቱ የተጻፈውን ወረቀት ማን እንደ ጻፈው ሲመረመርና የእጅ ጽሕፈትዋ ሊታይ ሲል፣ ሐና የጻፍሁት እኔ ነኝ አለች። ነገር ግን መጻፍም ማንበብም አታውቅም ነበር። ይህ እንዳይገለጥባት የዕድሜ ልክ እስራት ተቀበለች።

ከዚህ ተነሥተው ደራሲውን፣ ፊደል አለማወቅን ለነፍሰ ገዳይ ማመካኛ አደረገ ብለው የሚነቅፉት አሉ። እንዲህ ቢል በእውነት ስሕተት ነበረ። ፊደል ሳይቈጥር ክፉና ደጉን የሚለይ ገበሬ ብዙ ነውና፤ የሚቃጠልን ቤት በር ለመክፈትም ዳዊት መድገም አያስፈልግም። በዚያ ዘመን የሞትን ትእዛዝ በወረቀት ያዘጋጁትም የተማሩ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉ ግን በቅኔ ሥርዓት ሲታይ ሌላ ነገር ይናገራል። ሰሙ ፊደል አለማወቅ ነው፤ ወርቁ ኀፍረት በደልን እንዴት እንደሚሸፍን ነው። ሐና ባለማንበብዋ ያፈረችውን ያህል በሞቱት ሴቶች አላፈረችም። ኀፍረት የሚያይ ዐይን ይፈራል፤ በደሉን ያወቀ ሰው ግን ከእንግዲህ የማያየውን የሟቹን ፊት ያስባል።

ሚካኤልስ? ምሥጢርዋን ከተረዳ በኋላ ወደ ዳኛው ሄዶ ሳይናገር ተመለሰ። ኋላም መጻሕፍትን እያነበበ በካሴት ወደ ወኅኒ ቤት ላከላት፤ እርስዋም ድምፁን ከመጽሐፉ ጋራ እያስተያየች ማንበብን ተማረች፤ ጻፈችለትም። እርሱ ግን አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልመለሰላትም። ፊደል ያልነበራት ጻፈች፤ ፊደል ያለው ዝም አለ።

ሐና ማንበብ ከቻለች በኋላ ከሞት የተረፉትን የፕሪሞ ሌቪንና የኤሊ ቪዘልን መጻሕፍት አነበበች። ከ18 ዓመት እስራት በኋላ በምትፈታበት ቀን ማለዳ ራስዋን ሰቀለች። ደራሲው ምክንያቱን ቈርጦ አለመናገሩ መልካም ነው። ጉድለቱ በሌላ ቦታ ነው። ሐና በሰፈሩ ሳለች ደካማ ልጃገረዶችን እየመረጠች ማታ ማታ ታስነብባቸው ነበር፤ እነርሱም ኋላ ወደ ሞት ተላኩ። ከሚካኤል በፊት የነበሩት አንባቢዎች እነዚህ ሲሆኑ፣ መጽሐፉ ስማቸውን አይነግርም፤ ድምፃቸውንም አያሰማም።

ሆኖም መጨረሻው ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳል። ሚካኤል ሐና የተወችውን ገንዘብ ይዞ፣ ከእሳቱ ወደ ተረፈችው ሴት ወደ ኒው ዮርክ ይሄዳል። ሴቲቱ ገንዘቡን መቀበል ይቅርታን መስጠት እንዳይሆን እንቢ አለች፤ ገንዘቡም ፊደል ላልቈጠሩ ሰዎች ማስተማሪያ ዋለ። ገንዘቡ የነበረበትን የሻይ ቈርቈሮ ግን አስቀረችው፤ በልጅነትዋ የነበራትን እንዲህ ያለ ቈርቈሮ በሰፈሩ ሰርቀዋት ነበርና። አንባቢ ለሐና ቢያዝን አይነቀፍም፤ ይቅር ማለት ግን የአንባቢ ሥልጣን አይደለም፤ የዚያች ሴትና የሞቱት ነው።